የሩቅ መቆጣጠሪያ ታሪክና አንዱን ለሁሉ የመምረጥ ጉዳይ

መግቢያ

ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ከሁሉ ይበልጥ የሚፈለገውና ከሁሉ ይበልጥ የሚጠፋው ዕቃ ሩቅ መቆጣጠሪያ፣ በተለመደው ስሙ ሪሞት የሚባለው ነው። ከትራስ ሥር ይፈለጋል፤ ከአልጋ ሥር ይፈለጋል፤ ልጆች አንድ በአንድ ይጠየቃሉ። ሲገኝም ብዙ ጊዜ የተገኘው የተፈለገው ሳይሆን የሌላው መሣሪያ ሪሞት ይሆናል። ይህን የመሰለ ትንሽ ዕቃ ለታሪክ ጥናት አይበቃም የሚሉ ወገኖች ይኖሩ ይሆናል። እኛ ግን አንድ ሕዝብ አዲስ መሣሪያ ወደ ቤቱ ሲያስገባ በቤቱ ውስጥ ያለው የሰው ለሰው ግንኙነት እንዴት እንደሚለወጥ ለማወቅ፣ ታላላቆቹን ማሽኖች ብቻ ሳይሆን በእጅ የሚያዙትንም ትናንሽ ዕቃዎች መመርመር ይገባል ብለን እናምናለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ ሪሞት በውጭ አገር እንዴት እንደተፈለሰፈና በአገራችን እንዴት አስፈላጊ እየሆነ እንደመጣ ባጭሩ ማስረዳት ነው። ሁለተኛ፣ ከዚህ ታሪክ በመነሣት፣ ቴሌቪዥን፣ የዲሽ ሪሲቨርና ሆም ቴአትር ያለው ቤተሰብ ሁሉንም የሚያዝ አንድ ሁለገብ ሪሞት ለመግዛት ሲያስብ በምን መለኪያ መምረጥ እንዳለበት ማመልከት ነው። አሳባችንን በአንድ ዐረፍተ ነገር ለመግለጽ፣ በአገራችን ሪሞትን ግድ ያደረገው የቴሌቪዥን መምጣት ሳይሆን የጣቢያዎችና የመሣሪያዎች መብዛት ነው፤ ስለዚህ የጥሩ ሪሞት መለኪያው የቁልፎቹ ብዛት ሳይሆን፣ በቤቱ ውስጥ ለመሣሪያው ከሁሉ ይልቅ እንግዳ የሆነው ሰው ብቻውን ሊጠቀምበት መቻሉ ነው።

፩. ስለ ጥናቱ ቦታ

ለምልከታችን የመረጥነው በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ፣ ከቂርቆስ እስከ ካሣንችስ ድረስ ያለውን የአዲስ አበባ ክፍል ነው። አደባባዩ ይህን ስም ያገኘው፣ ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን በያዘች ጊዜ ወረራውን ሕጋዊ አድርገው ለመቀበል እምቢ ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሜክሲኮ ስለነበረች ነው። በሜክሲኮ ዋና ከተማም በአንጻሩ በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ አደባባይ ይገኛል። ንግድ ሥራ ትምህርት ቤትና በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን ሲሠሩ የኖሩት በዚሁ አካባቢ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም የከተማው ቀላል ባቡር በዚያ ያልፋል።

ቦታውን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዕቃው የሚሸጥበት ሱቅ፣ ዕቃው የሚጠገንበት ጠረጴዛና ዕቃው የሚያገለግልበት ቤት በአንድ አካባቢ ስለሚገኙ፣ ገዢውም ሻጩም ጠጋኙም የሚሉትን በአንድ ቀን መስማት ይቻላል። በተጨማሪም ይህ የከተማ ክፍል በቅርብ ዓመታት ብዙ ተለውጧል። በ2017 ዓ.ም. በካሣንችስ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። ቤት ሲለወጥ ትልቁ ዕቃ ተጭኖ ይሄዳል፤ የሚጠፋው ትንሹ ዕቃ ነው። ከዕቃውም ጋር ለዓመታት የሚያውቁት የሰፈር ጠጋኝ ይቀራል።

፪. የሪሞት አነሣሥ በውጭ አገር

አንድን መሣሪያ ሳይነኩ ከሩቅ የማዘዝ አሳብ ከቴሌቪዥን ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1898 ኒኮላ ቴስላ የተባለው ሊቅ በኒውዮርክ ከተማ በራዲዮ ሞገድ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። አሳቡ በቴሌቪዥን ላይ በሰፊው የታወቀው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ዜኒት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አማካይነት ነው።

ይህ ኩባንያ በ1950 እ.ኤ.አ. ያወጣው መቆጣጠሪያ ከቴሌቪዥኑ ጋር በረጅም ሽቦ የተያያዘ ነበር። ሽቦው ወለል ላይ ስለሚጋደም ሰዎችን እያደናቀፈ አስቸገረ። በ1955 እ.ኤ.አ. ዩጂን ፖሊ የተባለው መሐንዲስ ሽቦውን አስቀርቶ በብርሃን የሚሠራ መቆጣጠሪያ አወጣ፤ በቴሌቪዥኑ መስኮት አራት ማዕዘኖች ላይ ብርሃን የሚቀበሉ መሣሪያዎች ተተክለው፣ ተመልካቹ በእጅ ባትሪ ዓይነት ብርሃን ያነጣጥርባቸዋል። ነገር ግን የፀሐይ ብርሃን በመስኮት ሲገባ ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያዘው ጣቢያ ይለውጥ ጀመር። በሚቀጥለው ዓመት በ1956 እ.ኤ.አ. ሮበርት አድለር ሌላ ዘዴ አመጣ። ቁልፉ ሲጫን ትንሽ መዶሻ የአሉሚኒየም ዘንግ ትመታለች፤ ዘንጉም የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ይህ መቆጣጠሪያ የባትሪ ድንጋይ አያስፈልገውም ነበር። በድምፅ የማዘዝ ዘዴ ከ20 ዓመት በላይ አገልግሎ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወዲህ ቦታውን ዛሬ ለምናውቀው ለማይታየው ብርሃን፣ ማለት ለኢንፍራሬድ ለቀቀ።

ከዚህ ታሪክ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። በአሜሪካ ሪሞትን የወለደው የጣቢያዎች ውድድር ነው። የዜኒት ኩባንያ መሪ የንግድ ማስታወቂያን ይጠላ ስለነበር፣ ተመልካቹ ማስታወቂያ ሲመጣ ከመቀመጫው ሳይነሣ ድምፁን እንዲያጠፋ ወይም ጣቢያ እንዲለውጥ ፈለገ። እንግዲህ ምርጫ በሌለበት የምርጫ መሣሪያ አይፈለግም ማለት ነው። በአገራችን የሆነው ይህን በግልጽ ያረጋግጣል።

፫. በአገራችን የነበረው ሁኔታ

በ1927 ዓ.ም. የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር መቀበያ ያለው ቤት እጅግ ጥቂት ነበር። ከነፃነት በኋላ በነበሩት ዓመታትም የከተማው ሕዝብ ብዙ ጊዜ ራዲዮ ይሰማ የነበረው በአደባባይ ከተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ነው። በአደባባይ የተሰቀለን ድምፅ ማጉያ ሰሚው ሊቀንሰውም ሊለውጠውም አይችልም፤ የሰሚው ነፃነት ቆሞ መስማት ወይም መንገዱን መቀጠል ብቻ ነው።

ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት ተመረቀ። ስቱዲዮውም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። በዚያን ዘመን የነበሩት ቴሌቪዥኖች በእጅ የሚዞር ጉጥ ያላቸው ሲሆኑ፣ የሚታየውም ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነበር። ከዚያም ወዲያ ለብዙ ዓመታት የአገሩ ተመልካች የሚያየው ጣቢያ አንድ ብቻ ስለነበረ፣ ከመቀመጫ ተነሥቶ ጣቢያ ለመለወጥ የሚያስገድድ ምክንያት አልነበረም። ማብራት፣ ማጥፋት፣ ድምፅ መጨመርና መቀነስ ብቻ ነበር ሥራው። ለዚህም የቤቱ ትንሽ ልጅ ይበቃ ነበር፤ ‹‹ተነሥና ድምፁን ጨምር›› ይባላል፣ ይጨምራል። ሥዕሉ ሲበላሽ አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፣ ሌላው በር ላይ ይቆማል፣ ሦስተኛው ከመሣሪያው ፊት ሆኖ ‹‹መጣ! ሄደ!›› እያለ ይጮኻል። ቴሌቪዥን ያለው ቤት የጎረቤት መሰብሰቢያ በነበረበት በዚያ ዘመን መሣሪያውን ማዘዝ የጋራ ሥራ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

በ1976 ዓ.ም. መጨረሻና በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ጊዜ የቀለም ሥርጭት ተጀመረ። የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻም ወደ ከተማ ቤቶችና ወደ ቪዲዮ ቤቶች ገባ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ በየጣሪያው ላይ ዲሽ እየበዛ መጣ። ሁኔታው የተለወጠው በዚህ ጊዜ ነው። ዲሽ የገባበት ቤት ትናንት አንድ ጣቢያ ያይ የነበረ ሲሆን ዛሬ በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ከፊቱ ተደረደሩ። እነዚህንም በእጅ እየነኩ መለወጥ አይቻልም። እንዲያውም ብዙዎቹ ሪሲቨሮች በራሳቸው ላይ ያላቸው ቁልፍ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ስለሆነ፣ ሪሞቱ የጠፋበት ሪሲቨር ግማሽ ሞት የሞተ ያህል ነው። በ2000 ዓ.ም. ኢ.ቢ.ኤስ.፣ በ2008 ዓ.ም. ቃና በሳተላይት ሥርጭት ጀመሩ። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የተባለው የአገር ውስጥ ጣቢያዎች መድረክ ሲመሠረት ብዙ ቤተሰብ ዲሹን ወደ ሌላ ሳተላይት ማዞርና ጣቢያዎቹን እንደገና መፈለግ ግድ ሆነበት። ይህም ሁሉ የሚሠራው በሪሞት ነው።

በዚህ ላይ ሆም ቴአትር ተጨመረ። ይህ መሣሪያ በተለመደው ዓይነቱ 5.1 ይባላል፤ ይኸውም አምስት ስፒከሮችና ከባዱን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ሳጥን ማለት ነው። እንግዲህ የቴሌቪዥኑ አንድ፣ የሪሲቨሩ ሁለት፣ የሆም ቴአትሩ ሦስት፣ የዲቪዲ ማጫወቻው ለብቻው ከሆነ አራት ሪሞት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። ከእነርሱም ሁለቱ ድምፅ የሚጨምር ቁልፍ አላቸው፤ ሦስቱ ‹‹ሜኑ›› የሚል ቁልፍ አላቸው፤ የሁሉም ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው። ቀድሞ ሕፃን ልጅ የሚሠራውን ሥራ ዛሬ የቤቱ እመቤት ልትሠራው ያልቻለችበት ጊዜ መጣ። ለምሳሌ ‹‹ሶርስ›› የሚለውን ቁልፍ ሳያስቡት የነኩ አረጋዊት እናት መስኮቱ ሰማያዊ ይሆንባቸዋል። ‹‹ቴሌቪዥኑ ተበላሸ›› ብለው አጥፍተው ልጃቸው ከሥራ እስኪመለስ ድረስ ይቀመጣሉ። መሣሪያው ግን አልተበላሸም፤ ከሪሲቨሩ ወደ ሌላ መግቢያ ዞሯል እንጂ። ጠጋኝ ተጠርቶ አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚሄድበትም ጊዜ አለ።

፬. ሪሞቶች የማይግባቡበት ምክንያት

አራት ሪሞት ያስፈለገው ፋብሪካዎቹ በአንድ ቋንቋ ስላልተስማሙ ነው። ኢንፍራሬዱ አንድ ዓይነት ብርሃን ነው፤ የሞገዱም ርዝመት በአብዛኛው 940 ናኖሜትር ገደማ ነው። ብርሃኑ ግን በምን ፍጥነት እንደሚርገበገብና መልእክቱ እንዴት እንደሚጻፍ ኩባንያዎቹ ለየራሳቸው ወሰኑ። የፊሊፕስ ደንብ ብርሃኑን በሴኮንድ 36,000 ጊዜ፣ ኔክ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ደንብ 38,000 ጊዜ፣ የሶኒ ደንብ 40,000 ጊዜ ያርገበግበዋል። አንድ ትእዛዝ በፊሊፕስ ደንብ በ14 ምልክቶች ሲጻፍ፣ በሶኒ ቀላል ደንብ በ12፣ በኔክ ደንብ በ32 ምልክቶች ይጻፋል። ስለዚህ የአንዱ ሪሞት በሌላው መሣሪያ ፊት ሲናገር የባቢሎን ሰው ይሆናል፤ ድምፁ ይሰማል፣ ቋንቋው አይታወቅም።

የሁለገብ ሪሞት አሳብ የተነሣው ይህን ችግር ለመፍታት ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በ1985 እ.ኤ.አ. የፊሊፕስ መሐንዲሶች በአሜሪካ በማግናቮክስ ስም ያወጡት ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአፕል ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ ከሌላው ሪሞት ብርሃን ተቀብሎ የሚማር መቆጣጠሪያ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሁለገብ ሪሞት በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው በፋብሪካ የተሞላ የቁጥር ዝርዝር ያለው ነው፤ ገዢው የመሣሪያውን ስም ከወረቀቱ ላይ ፈልጎ ቁጥሩን ይጫናል። ሁለተኛው ተማሪው ዓይነት ነው፤ አሮጌውንና አዲሱን ሪሞት ፊት ለፊት አስቀምጦ ቁልፍ በቁልፍ ማስተማር ነው።

፭. ስለ ምርጫው

ከላይ የተዘረዘረውን ታሪክ መሠረት አድርገን፣ ለገዢው ይጠቅማሉ የምንላቸውን ነጥቦች እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከመግዛት በፊት መግዛት ማስፈለጉን መመርመር ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ የተገናኙ አዳዲስ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው ትእዛዝ የሚቀባበሉበት ደንብ አላቸው። ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ፣ ኤል ጂ ሲምፕሊንክ እያሉ የሚጠሩት ይህንኑ ነው። ይህ በቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ ከተከፈተና ሆም ቴአትሩም የሚቀበለው ከሆነ፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት የሆም ቴአትሩንም ድምፅ ሊያዝ ይችላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን ይህ አስቀድሞ መሞከር አለበት።

ሁለተኛ፣ ለእኛ አገር ቤት ተማሪው ዓይነት ይመረጣል። የቁጥር ዝርዝሩ የሚዘጋጀው ብዙውን ጊዜ በሌላ አገር ገበያ ለታወቁ ስሞች ነው፤ በየሱቁ የሚሸጠው የዲሽ ሪሲቨር ስም ግን በዝርዝሩ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ተማሪው ሪሞት ስም አይጠይቅም፤ ያሳዩትን ይይዛል። ለማስተማር ግን የመጀመሪያው ሪሞት በሕይወት መኖር አለበት። ስለዚህ ሁለገቡ ሪሞት የሚገዛው አሮጌው ከመሰበሩ በፊት እንጂ ከተሰበረ በኋላ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የማብሪያውን ነገር መጠየቅ ነው። በብዙ መሣሪያዎች ላይ አንዱ ቁልፍ ማብሪያም ማጥፊያም ነው። አንዳንድ ሁለገብ ሪሞቶች በአንድ ቁልፍ ሦስቱንም መሣሪያ በተራ እናበራለን ይላሉ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ ሪሲቨሩ በርቶ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ቁልፉ ሲጫን የጠፋው ይበራል፣ የበራው ይጠፋል፤ ቤተሰቡም ግራ ይጋባል። መፍትሔው ማብሪያና ማጥፊያ ለየብቻ የሆነ ትእዛዝ መኖሩን ማረጋገጥ ነው፤ ይህ ከሌለ እያንዳንዱን መሣሪያ በየራሱ ቁልፍ ማብራት ይሻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ነጥብ ትንሽ አይደለም።

አራተኛ፣ ሱቁ ውስጥ ሆኖ መፈተን ነው። የስልክን ካሜራ ወደ ሪሞቱ ጫፍ አዙሮ ቁልፍ ሲጫኑ በካሜራው ውስጥ ወይን ጠጅ ወይም ነጭ ብርሃን ብልጭ ካለ ሪሞቱ ይናገራል ማለት ነው። በኋላ ካሜራ ካልታየ በፊቱ ካሜራ መሞከር ነው። ከዚያም ጥቂት ቁልፎችን አስተምሮ የባትሪ ድንጋዩን አውጥቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መመለስ ነው። የተማረውን የረሳ ሪሞት ድንጋይ በተለወጠ ቁጥር እንደገና ትምህርት ቤት ይገባል፤ እንዲህ ያለው አይገዛም።

አምስተኛ፣ መሣሪያው በምን እንደሚታዘዝ ማወቅ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች በድምፅ የሚታዘዙት በብሉቱዝ ነው፤ በቴሌቪዥን ጀርባ ከሚሰኩት ትናንሽ መሣሪያዎችም የኢንፍራሬድ መቀበያ የሌላቸው አሉ። ለእነዚህ የኢንፍራሬድ ሪሞት አይጠቅማቸውም።

ስድስተኛ፣ ሪሞቱ የማን ጥገኛ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ሎጂቴክ የተባለው ኩባንያ ሃርመኒ በሚል ስም የሚያወጣቸው ሪሞቶች እጅግ የተመሰገኑ ነበሩ፤ የሚዘጋጁትም በኢንተርኔት ከኩባንያው መዝገብ ጋር እየተገናኙ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ማምረቱን ማቆሙን አስታወቀ። ለገዙት አገልግሎቱን እንደሚቀጥል ቢገልጽም፣ የራስን ቤት መሣሪያ ለማዘዝ የሩቅ ኩባንያን ፈቃድ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ መማር ይቻላል። እንዲሁም አንዳንድ ስልኮች ኢንፍራሬድ ስላላቸው እንደ ሪሞት ያገለግላሉ። ይሁን እንጂ ስልክ ከባለቤቱ ጋር ይወጣል፤ ወጣቱ ወደ ሥራው ሲሄድ ቤት የሚውሉት ሰዎች ያለ መቆጣጠሪያ ይቀራሉ።

ሰባተኛውና ዋናው ነጥብ፣ ሪሞቱን የሚፈትነው ገዢው ሳይሆን ቤት የሚውለው ሰው መሆን አለበት። 50 ቁልፍ ያለውን ሪሞት ወጣቱ በአንድ ምሽት ይለምደዋል፤ ገንዘብም የሚከፍለው እርሱ ስለሆነ ምርጫው በእርሱ ፍላጎት ይመራል። ሪሞቱን ቀን ሙሉ የሚይዙት ግን እናቱ ወይም አያቱ ናቸው። ለእነርሱ የሚያስፈልጉት ማብሪያ፣ ማጥፊያ፣ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ፣ ጣቢያ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከዚህም በላይ የጠፋውን ሥዕል የሚመልስ አንድ ቁልፍ ናቸው። ተማሪው ሪሞት ይህን ለማድረግ ይመቻል፤ የድምፁን ቁልፍ ከሆም ቴአትሩ፣ የጣቢያውን ከሪሲቨሩ፣ ማብሪያውን ከቴሌቪዥኑ አስተምሮ የቀሩትን ባዶ መተው ይቻላል። በቁልፎቹም አጠገብ በትንሽ ፕላስተር ላይ በአማርኛ መጻፍ፣ ማንበብ ለማይችሉትም የቀለም ምልክት ማድረግ ወጪ የሌለው ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሪሞቶች ግን ይጣሉ አንልም። ‹‹ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል›› እንደተባለ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ በአንድ መሳቢያ ማኖር ነው።

መደምደሚያ

ባጭሩ ለማጠቃለል፣ በድምፅ ማጉያው ዘመን ሰሚው ምንም የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም፤ በባለ ጉጡ ቴሌቪዥን ዘመን መሣሪያውን የቤቱ ሰው ሁሉ ማዘዝ ይችል ነበር፤ ግን የሚመረጥ ጣቢያ አልነበረም። በዲሽና በሆም ቴአትር ዘመን ምርጫው በዝቶ ማዘዝ የሚችለው ሰው አነሰ። ይህ የሆነው ፋብሪካዎቹ በቋንቋ ሳይስማሙ ቀርተው የማስማማቱን ሥራ በገዢው ትከሻ ላይ ስለጣሉት ነው። ገዢውም ሥራውን ለራሱ በሚመች መንገድ ብቻ ከሠራው ሸክሙ ወርዶ ወርዶ በቤቱ ውስጥ ፊደል ባልቆጠሩት ሰዎች ላይ ያርፋል።

የተግባረ እድና የሌሎች የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ይህን ጉዳይ ቢያስቡበት፣ ቁልፎቹ ጥቂት፣ ጽሑፉም በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሆነ ተማሪ ሪሞት መሥራት ከዐቅማቸው በላይ አይደለም፤ ምልክቶቹ የታወቁ፣ ብርሃን የሚያወጡትና የሚቀበሉት ክፍሎችም ርካሽ ናቸውና። እኛም በበኩላችን የታሪክና የቴክኒክ ተማሪዎች ተባብረው በሌሎች ሰፈሮችና በክፍላተ ሀገር ከተሞች ይህን የመሰለ ምልከታ እንዲያደርጉ፣ መምህራኖቻችንም ጉድለቱን እንዲያመለክቱን እንጠይቃለን።